ከገመዱ ሥር በስተቀር

ኢሊ ነው ስሟ፤ ኤሊ እንዳትሏት፣
ሚኒሶታ ዳር፣ ሐይቅ የከበባት።
በረዶዋ ነው እንጂ እንደ ኤሊ የሚያዘግመው፣
ሚያዝያ ሲያልቅ ገና ጓዙን የሚሸክፈው።

እሱ ሲነሣ ሣሩ ገና አልነቃም፤
ግራጫ ሻጋታ ለብሶ ፀሐይን አያውቅም።
ብርዱን ሙሉ አይጥ ከበረዶው ሥር
ስትምስ የከረመችው ጠመዝማዛ መስመር
እንደ ሰነፍ ተማሪ ጽሕፈት ተንጋዶ ይወጣል፤
ጎረቤቴ አርቮ ጎንበስ ብሎ ያነበዋል።
«በዚህ ገባች፤ እዚህ በላች፤ እዚህ ጋ ወለደች።»
«ከዚያስ?» ስለው፣
«ከዚያማ፣ ጉጉት ሰማች።»

ልጠጋ ስል ክንዴን ያዝ አደረገና፣
«ቆይ፣ መሬቱ ውኃ እንደጠጣ ነው ገና።
እርጥብ አፈር አይረሳም፤ ዛሬ የረገጥከውን
ሐምሌ ራሱ አይነቅለውም፣ ጫማህ የተከለውን።»

ሲደርቅለት ያበጥረዋል፣ እንደ ልጃገረድ ጠጉር፣
የሞተውን ከነቃው ለይቶ፣ ሥሩን ሳይሰብር።
«ሲሶው ለምላጩ ነው፣ ሁለቱ እጅ ለሥሩ»
ይላል፣ እንደ ጭሰኛ ውል ሲዋዋል ከአፈሩ።
ሐምሌ ላይ ቢጫ ሲሆን ባልዲ ይዤ ብመጣ፣
«ተኝቶ ነው» አለኝ፣ «እንቅልፍና ሞት አታምታታ።»

የማዶዋ ማርያና ዙፓንቺች ሣሯን ለንብ ለቃለች፤
ግንቦትን በሙሉ ቢጫ አበባ መሐል ትቀመጣለች።
ነፋስ ሲነሣ የዳንዴሊዮኑ ጥጥ አጥር ይሻገራል፤
አርቮ ቢላውን ይዞ በጉልበቱ ይንበረከካል።
«ዘር አጥር አያውቅም» ትለዋለች እየሳቀች፤
ማታ ከዚያው አረም ሰላጣ ሠርታ ላከች።
በላ። ጨው ያንሰዋል አለ።

ነሐሴ ሲጋመስ መሬት የሚበሳ ማሽን ይከራያል፤
ጣት ጣት የሚያህል አፈር እየነቀለ ሣሩ ላይ ይጥላል።
በመጀመሪያው ዓመት ደግ ልሁን ብዬ
ስለቅም ዋልኩለት ባልዲ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ቀና ብዬ።
ለካስ ዝናብ ሲመታው ራሱ ይሟሟል!
አርቮ በመስኮት እያየኝ ቡናውን ይጠጣል።
ላም በሌለበት ኩበት ለቀማ ሲሉ
እኔን ነው ለካ፣ በቁሜ የሳሉ።

ጋራዡ ግድግዳ ላይ በእርሳስ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፦
«መጀመሪያ አጨዳ፣ ግንቦት ሃያ ሁለት።»
«ማዳበሪያ።» «ውርጭ።» «ምላጩ ተሳለ።»
በአንዱ ዓመት ግን ከሰኔ ወዲህ ምንም የለ፤
ባዶ ግድግዳ።
ሚስቱ ኢርያ የሄደችበት ዓመት ነው።
ጠይቄው አላውቅም፤ እሱም አልነገረኝ፤
አንድ ነገር ብቻ ነበር የማይገባኝ፦
ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ማዳበሪያ ባለበት
ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ከምሰሶው ፊት
ሰው እግሩን ገጥሞ የሚቆምባት ያህል
ገላጣ መሬት ናት፣ አንድ ቅጠል የማታበቅል።

ዘንድሮ ዳሌውን ቀየሩት። ወንበሩን ወደ መስኮት አስጠጋ።
የዘሩን ከረጢት ሰጠኝ፤ «እንደ ጨው ነስንሰው በእርጋታ።»
ነሰነስኩ። በአጥሩ ጥግ፣ በደጁ፣ በመንገዱ ዳር፤
ገላጣዋ ጋ ስደርስ እጄን ሞልቼ ልዘራ ነበር፤

መስታወቱ ተንኳኳ።

ዘወር አልኩ። ቆሟል፣ ሐኪሙ ያልፈቀደውን፣ ያለ ምርኩዝ።
ጣቱን ግራ ቀኝ አወዛወዘ።
ያኔ ነው ጎንበስ ብዬ አፈሩን ያየሁት፦
ገላጣዋ አንድ አይደለችም፤ ጉድጓዱ ሁለት፤
ጣቱ ጋ ጠልቆ፣ ተረከዙ ጋ ሳስቶ፣
አጭር ሴት ገመድ ልትደርስ
እንደምትንጠራራው፣ እጇ ተዘርግቶ።

ዘሩን ወደ ከረጢቱ መለስኩት።

ማታ ጋራዥ ገባን፤ በእሱ ቃል፣ በእኔ እጅ፦
«ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ። ዘር ተዘራ።»
«ጨርሰው እንጂ!»
አለኝ፣ እርሳሱን ሚስማሩ ላይ ላኖር ስል፤
ፊቱን ወደ ማጨጃው መልሶ፣
ምላጩን እንደሚያይ ሲመስል።
ጨረስኩት። ጽሕፈቴ ተንጋደደ፣ እንደ አይጧ መስመር፦
«ከገመዱ ሥር በስተቀር።»